ስለ ኮትና ስለ ጋቢ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን በላሊበላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ እንዲህ ሲል ተናገረ፤ «ጋሼ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ኮትና ከረባት ሳታደርግ ብትመጣ ከሥራ እንደ ቀረህ ይቈጠርብሃል ተባልሁ። ሥራዬን አላጓደልሁም፤ ባለጉዳይም አላጉላላሁም። ታዲያ አንገቴን በጨርቅ አስሬ መዋሌ ማንን ይጠቅማል? ይህንንስ እሺ ብሎ መቀበል ባርነት አይደለምን?»

እኔም ወዲያውኑ የሚሆን መልስ አላገኘሁለትም። ስለ ትዕግሥት ጥቂት ቃል ተናገርሁ፤ እርሱም በጨዋነት ሰምቶኝ ሄደ። ታላቅ የሆነ ሰው መልስ ሲያጣ ስለ ትዕግሥት መናገሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከእኔ ጋር አደረ። በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበርና፤ ደግሞም በዚያ ጥያቄ አጠገብ እስከ ዛሬ ድረስ ለማንም ያልነገርሁት አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ለዚያ ልጅ በቃል ያልመለስሁለትን በጽሑፍ ልመልስለት ብዬ ይህን ጀመርሁ።

በ1998 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ እዚያው ላስታ ውስጥ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት በር ላይ ማኅተም የተመታበት አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ቃሉም ባጭሩ፥ ማናቸውም ሠራተኛ ጋቢ፥ ቡሉኮ፥ ነጠላ ወይም ነጠላ ጫማ አድርጎ በሥራ ሰዓት እንዳይገኝ፤ ወንዶች ኮትና ከረባት፥ ሴቶችም ለሥራ የተገባ ልብስ እንዲለብሱ የሚል ነበር።

የላስታን አየር ለማያውቅ አንባቢ ይህ ትእዛዝ ከባድ መስሎ ላይታየው ይችላል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከበላይዋም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጧትም ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ የቤቱ ውስጥ እንደ ጕድጓድ ይበርዳል። የአገሩ ሰው ጋቢ የሚደርበው ለጌጥ አይደለም። እናት የፈተለችው፥ ሸማኔ የሠራው፥ አራት እጥፍ የሆነው ያ ጥጥ ቀን ልብስ ነው፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው፤ በመንገድ ሲመሽ ምንጣፍ ነው፤ ሲያረጅም የሕፃን መታቀፊያ ይሆናል።

እኔ ያን ጊዜ ኮት አልነበረኝም። ወደ ወልድያ ወርጄ ከሰልባጅ ተራ አንድ ግራጫ ኮት ገዛሁ፤ ከነሱሪውና ከነጫማው የወር ደመወዜን ፈጀ። በኮቱ የውስጥ ኪስ ላይ በማላውቀው ቋንቋ የአንድ ልብስ ሰፊ ስም ተጠልፎበት ነበር። እንግዲህ አንድ የሩቅ አገር ሰው ለብሶ ሰልችቶት የጣለው ልብስ ለእኔ የክብር ልብስ ተብሎ መታዘዙ፥ እናቴ በእጅዋ የፈተለችው ጋቢ ግን ነውር ሆኖ መቈጠሩ በጣም ያንገበግበኝ ነበር። ኮቱም ትከሻው ሰፍቶኝ ነፋስ ያስገባ ነበርና ከበታቹ ሁለት ሹራብ እደርብ ነበር። ከረባት ማሰርም አላውቅም ነበር፤ አንድ ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ቢያስርልኝ እርሱን ሳልፈታ በራሴ ላይ እያጠለቅሁና እያወለቅሁ ሦስት ወር ቆየሁ።

ከእኛ ከወንዶቹ ይልቅ የከበደው ግን በጽሕፈት ሥራ ላይ ለነበረችው እኅታችን ነው። የእናቷ አርባ ገና አልወጣም ነበር። ጥቁር ልብስ ለብሳ፥ የነጠላዋንም ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ እንደ ኀዘንተኛ ትመጣ ነበር። ነጠላ ተከልክሏል ሲሏት አልተከራከረችም፤ አጥፋ በመሳቢያዋ ውስጥ አኖረችው። ከዚያ በኋላ ባለጉዳዩ ሁሉ ኀዘንተኛ መሆኗን ስለማያውቅ በሳቅና በቀልድ ያነጋግራት ጀመር። እርስዋም መልሳ ፈገግ ስትል አይቻት ፊቴን ያዞርሁበት ቀን ነበር።

በአገራችን ነጠላ የሚናገር ልብስ ነውና። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በመስቀለኛ ያጣፉታል፤ ለለቅሶ ጥለቱን ወደ ላይ ያዞሩታል፤ በድሮ ዘመን ደግሞ በጌታ ፊት ሲቆሙ ያደገድጉት ነበር። የመሥሪያ ቤት የልብስ ትእዛዝ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህችን «ማደግደግ» የምትባለውን ቃል ይመርምር። ሎሌ በጌታው ፊት፥ ተሟጋችም በዳኛ ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ላይ አሥሮ ይቆም ነበር። ልብሱን እንደ ተከናነበ ቢቀርብ እንደ ድፍረት ይቈጠርበታል። ለምድና ካባም የንጉሥ ሽልማት ነበሩ፤ ያልተሸለመው ሰው ምንም ሀብታም ቢሆን ለብሶአቸው በአደባባይ አይታይም። ከዚያ ወዲህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኮትና ከረባት የተማረና የተሾመ ሰው ምልክት ሆነ፤ በደርግ ዘመን ካኪው ከፍ አለ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ከረባቱ ተመለሰ። ትከሻውን ገልጦ በቆመው ሎሌና አንገቱን አስሮ በተቀመጠው ጸሐፊ መካከል ያለው ልዩነት ወንበሩ ብቻ ነው ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የተደረገ አይደለም። የሩስያው ታላቁ ጴጥሮስ በ1698 (በኤውሮፓ አቆጣጠር) ከኤውሮፓ ጕዞው ሲመለስ የመኳንንቱን ጢም በገዛ እጁ እየያዘ ይቈርጥ ነበር፤ ኋላም ጢሙን ማሳደግ በሚፈልገው ላይ ግብር ጣለበት። ቱርክም በ1925 ባወጣችው ሕግ ፌዝ የሚባለውን ቆብ አስወልቃ ባርኔጣ አስደረገች። ሹማምንት የሰውን ልብ መለወጥ ሲያቅታቸው ልብሱን መለወጥ ይቀላቸዋል።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከጓደኞቼ ጋር ተማክረን አቤቱታ ጻፍን፤ ጸሐፊውም እኔ ነበርሁ። ስለ ብርዱ፥ ስለ ደመወዛችን ማነስ፥ ስለ ሰው ነጻነትም ብዙ ቃል አሳምሬ ጻፍሁበት። ሹማችን አንብበው ለብቻዬ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል። እንዲቀመጥ ወንበር ሰጥተውኝ ጥያቄ ጀመሩ።

«እናትህ ቤተ ክርስቲያን ስትስም ምን ትለብሳለች?»

«ነጭ ነጠላ ነው።»

«ባትለብስ ጸሎቷ አይሰማም?»

«ይሰማል እንጂ።»

«ታዲያ ስለምን ትለብሳለች?»

ዝም አልሁ። እርሳቸውም እንዲህ አሉኝ፤ «ለምትሄድበት ቤት ክብር ብላ ነው። ይህም የሕዝብ ቤት ነው። ገበሬው ከሩቅ ደክሞ መጥቶ የሚያገኘው ጸሐፊ፥ አሁን ከመኝታው እንደ ተነሣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ቢሆን መናቁ አይደለምን? ኮቱን የምትለብሰው ለእኔ አይደለም ልጄ፤ ለእርሱ ነው።»

በደረጃው ላይ ስወርድ ብዙ መልስ መጣልኝ፤ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣው በደረጃ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ ቅኔ ሲዘርፍ ሊቃውንቱ ጆሮአቸውን ሰጥተው ያደምጡት የለምን? የአገሬ ገበሬ ጋቢ የደረበ ሰው ሲያይ ናቀኝ ብሎ ያውቃልን? ይህን ባልኋቸው ኖሮ ብዬ ተቈጨሁ። ዳሩ ግን ረጋ ብዬ ሳስበው የሹማችን ቃል እንዲሁ የሚጣል አልነበረም። ሰው ለራሱ ብቻ አይለብስም። ለሙሽራው፥ ለሟቹ፥ ለታቦቱ ይለብሳል። ለሠርግ የቤት ልብሱን ለብሶ የሚመጣ ሰው ነጻነቱን ገለጠ አይባልም፤ ባለ ሠርጉን ናቀ ይባላል እንጂ። ልብስ ለሌላው ሰው የምንሰጠው አክብሮት ከሆነ፥ መሥሪያ ቤትም ያን አክብሮት ከሠራተኛው ቢጠይቅ በደል ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከትእዛዝም ትእዛዝ ይለያል። የሐኪም ነጭ ልብስ፥ የግንበኛ የራስ ቍር፥ የብረት ሠራተኛ ጓንቲ የሚለብሰውን ወይም የሚታከመውን ሰው ይጠብቃሉ፤ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የተባለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም እንዲህ ያለውን የአደጋ መከላከያ ልብስ አሠሪው ራሱ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ይህ የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው ማንንም ከምንም የማይጠብቀው ልብስ ነው። በለንደን ከተማ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ተረከዘ ረጅም ጫማ ካላደረግሽ ተብላ ያለ ደመወዝ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር፤ በ2016 ያቀረበችውን አቤቱታ ከ150,000 በላይ ሰዎች ፈረሙበት፤ ጕዳዩም እስከ እንግሊዝ ሸንጎ ደረሰ። የጃፓን መንግሥት ደግሞ በ2005 በጋ ሠራተኞቹ ኮትና ከረባታቸውን አውልቀው እንዲሠሩ መከረ፤ የክፍሎቹን ሙቀት 28 ዲግሪ ላይ አድርገው ለማቀዝቀዣ የሚጠፋውን ኀይል ለመቈጠብ ነው። እዚያ ሙቀት ከረባትን ካስፈታ፥ በላስታ ውርጭ ጋቢን ቢያስደርብ ምን ነውር አለበት?

«ባርነት አይደለምን?» ላለኝ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ አለኝ። ጋንዲ የ23 ዓመት ጠበቃ ሆኖ በ1893 ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄደ ጊዜ፥ በደርባን ከተማ ፍርድ ቤት ዳኛው ጥምጣምህን አውልቅ አለው። ጋንዲ እምቢ ብሎ ከችሎቱ ወጣ፤ ነገሩም በጋዜጣ ተጻፈ። በሚመጣው ዓመት በናታል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጠበቃነት ሲመዘገብ የዳኞቹ አለቃ ያንኑ ትእዛዝ ሰጠው፤ በዚህ ጊዜ ግን አወለቀ። ወዳጆቹ አልወደዱለትም። እርሱ ግን ጕልበቱን ለሚበልጥ ትግል ለማቆየት ብሎ እንዳደረገው ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ተናግሮአል። በ1921 ደግሞ ማዱራይ በምትባል የሕንድ ከተማ፥ ድሆቹ ሙሉ ልብስ መግዛት አለመቻላቸውን አይቶ የራሱን ልብስ ጥሎ አንዲት ሽርጥ ብቻ ታጠቀ። በ1931 ለንደን ሄዶ ከንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ ጋር የተገናኘው ያንኑ ለብሶ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ በመጀመሪያው ቀን እምቢ ማለቱ አይደለም። እልከኛ የሆነ ወጣት ሁሉ ይህን ያደርገዋል፤ እኔም ኀይል ቢኖረኝ አደርገው ነበር። የሚያስደንቀኝ ከራሱ ራስ ላይ ስላለው ጥምጣም መከራከሩን ትቶ ስለ ሌላው ሰው ገላ ማሰብ መጀመሩ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የራሴን አንገት ብቻ አይ ነበር።

ይኸውም እንዲህ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ማናቸውም ሠራተኛ» የሚል ነበር። ነገር ግን ትእዛዝ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። የድሮ ወታደር የነበረው ዘበኛችን ከወረቀቱ ሁሉ የያዘው «ጋቢ ክልክል ነው» የሚለውን ብቻ ነበርና፥ የሚመጣውን ባለጉዳይ ሁሉ ጋቢህን አውልቅ ይለው ጀመር። ገበሬዎቹም ጋቢያቸውን አጥፈው በበሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ አኑረው፥ በስስ እጀ ጠባብ እየተንቀጠቀጡ ወደ እኛ ይገቡ ነበር። ያ አያቶቻችን በጌታ ፊት ያደርጉት የነበረው ማደግደግ፥ ቀረ ሲባል፥ በእኛ በር በኩል ተመልሶ ገባ። እኔም በየቀኑ በዚያ የጋቢ ክምር አጠገብ አልፍ ነበር። ስለ ሰው ነጻነት አቤቱታ የጻፍሁት እኔ፥ ያን ክምር አንድም ቀን ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 21 ቀን፥ ዓርብ ከቀትር በኋላ፥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የግማሽ ቀን መንገድ ተጕዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ጋቢዎን ያውልቁ ይላቸዋል፤ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው አላወልቅም ይላሉ። ጭቅጭቁን ሰምቼ ወጣሁ። ሽማግሌው ኮቴን ባዩ ጊዜ እጅ ነሡና «ጌታዬ፥ አንዲት ቃል ብቻ ነበረችኝ» አሉ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ወደ ክፍሌ ለመመለስ ቸኰልሁ። «አባቴ፥ ነገ ይምጡ» አልኋቸውና በሩን ዘጋሁት።

ነገ ቅዳሜ መሆኑን፥ መሥሪያ ቤቱም ዝግ መሆኑን ያስታወስሁት ወንበሬ ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። ተነሥቼ ልጠራቸው ይገባ ነበር። አልተነሣሁም። ሰው ክፉ ሥራ የሚሠራው በብዙ ተንኰል ይመስላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወንበሩ ስለሞቀው ብቻ ነው።

እሑድ ታኅሣሥ 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነበረ። ኮቴን ሰቅዬ፥ የእናቴን ጋቢ ደርቤ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ወረድሁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በመስቀል ቅርጽ ከአንድ አለት ተፈልፍላ ወደ መሬት ውስጥ 12 ሜትር ያህል የምትወርድ ናት፤ ወደ እርስዋም የሚገባው በአለት መካከል በተጠረበ ጠባብ መንገድ ነው። ያን ዕለት ለገና ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ መሰብሰብ ጀምሮ ነበርና መተላለፊያው ተጨናንቆ ነበር። በመውረድ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘና «ልጄ፥ እስቲ ደግፈኝ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል» አለ። ዘወር ብል እኒያ ሽማግሌ ናቸው። እኔ አወቅኋቸው፤ እርሳቸው ግን አላወቁኝም። ክንዳቸውን ይዤ እስከ ደጁ አደረስኋቸው። እዚያም የባለጠጋው ቆዳ ጫማ፥ የፈረንጁ ጫማና የእርሳቸው በረባሶ ባንድነት ተቀምጠው ሁላችንም ባዶ እግራችንን ገባን።

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ከላይ ባለው አለት ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። ከጋቢያቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው በእፍኜ ሞሉልኝ። ስለ እርሻው፥ ስለ ልጆቻቸው ካጫወቱኝ በኋላ የመጡበትን ጕዳይ ነገሩኝ። በግብር ደረሰኛቸው ላይ ስማቸው ከወንድማቸው ስም ጋር ተዛውሮ ተጽፎ ኖሮ፥ እርሱን ለማስታረም ይህ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር።

«ለምን አልተቃናልዎትም?» ብዬ ጠየቅሁ። የማውቀውን መጠየቄ ነው።

«ጋቢህን አውልቅ አሉኝ። ከውስጥ የለበስሁት ቡትቶ ነው ልጄ፤ እንደምን አድርጌ ላውልቅ? አንድ ኮት የለበሰ ልጅ ደግሞ ነገ ና አለኝ፤ ነገው ቅዳሜ ነው።»

«መልኩን ቢያዩት ያውቁታል?»

«መልኩንማ የት አይቼ፤ ኮቱን ነው ያየሁት» አሉና ሳቁ። ከዚያም ወደ ታች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በከዘራቸው እያመለከቱ እንዲህ አሉኝ፤ «እዚህ ጫማ አውልቅ ይሉኛል፤ ሁሉም ያወልቃል፥ እኔም ከሁሉ ጋር እገባለሁ። እዚያ ግን አውልቅ ሲሉኝ የምራቈተው እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህን የተናገሩት ያለ ምሬት ነው። ሹማችን ስለ እናቴ ነጠላ የጠየቁኝን ጥያቄ፥ በደረጃው ላይ ስወርድ የፈለግሁትን መልስ፥ እኒህ ፊደል ያልቈጠሩ ሰው ቆሎ እየቈረጠሙ ጨረሱት። ስንለያይ እጃቸውን በራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፤ ከሹመት ያድርስህ፥ ክፉ አይንካህ አሉኝ። እኔም አሜን አልሁ። ያ ልጅ እኔ ነኝ ለማለት አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

ሰኞ ጧት ወደ ሹማችን ገባሁ። ስለ ከረባት አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ የሆነውን ብቻ ነገርኋቸው፥ የራሴን ድርሻ ግን አስቀርቼ። ተነሥተው በመስኮት ወደ በሩ ተመለከቱ፤ በድንጋዩ ላይ ሦስት ጋቢ ተቀምጦ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ወርደው በገዛ እስክሪብቶአቸው ከወረቀቱ ግርጌ «ባለጉዳይን አይመለከትም» ብለው ጻፉበት፤ ዘበኛውንም ጠርተው ነገሩት። እርሱም ከፋው፤ ሥርዓት ያስከበረ መስሎት ነበርና። የእኛ የሠራተኞቹ ትእዛዝ ግን እርሳቸው ወደ ሌላ አገር እስኪዛወሩ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ ጸና፤ እኔም ያን ግራጫ ኮት ክርኑ እስኪያልቅ ድረስ ለበስሁት። እኅታችንም ነጠላዋን ከመሳቢያው ያወጣችው ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነበር።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት የምለው ይህን ያህል ነው። ልጄ፥ አቤቱታህን ጻፍ፤ ብርዱንም ዋጋውንም አንሣ፤ እውነት ነውና አትፈር። ነገር ግን ከመጻፍህ በፊት ወጥተህ በመሥሪያ ቤትህ በር ላይ ጥቂት ቁም፤ ለአንተ የተነገረው ትእዛዝ ከአንተ በኋላ ወደ ማን እንደ ወረደ ተመልከት። ከረባቱ አንገትህን እንደሚያሳክክህ ትነግረኛለህ፤ ዓይንህን ምን እንዳደረገብህ ግን ገና አልነገርኸኝም።

ሽማግሌው ከገና በኋላ፥ ማክሰኞ ጥር 2 ቀን መጡ። ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ገብተው በጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። እኔ በኮትና በከረባት ነበርሁ። እጅ ነሥተው «ጌታዬ» አሉኝ። ወንበር አቀረብሁላቸው፤ በጫፉ ላይ ተቀመጡ። መዝገቡን አውጥቼ ከደረሰኙ ጋር አስተያየሁ፥ ስሙን አረምሁ፥ ደብዳቤውን አስጽፌ ማኅተም አስመታሁበት፤ ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ወረቀቱን አራት አጥፈው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከተነሡም በኋላ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ኮቶች ሁሉ ዞር ብለው አይተው፥

«ያ ነገ ና ያለኝ ልጅ ዛሬ የለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለም» አልኋቸው።